ክሩ እንቢ ያለውን ቀለም ሰጋቱራ ለምን ይቀበለዋል?

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ስድስት ሴቶች ሆነን የጥጥ ክር እንነክራለን። ለጥለት ነው የሚሄደው፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር። የቀለሙን ዱቄት ከአዲስ አበባ በኪሎ እናስመጣለን። በጨውና በሶዳ ነው የምንሠራው። የተረፈውን ውሃ ቦይ ላይ ስንደፋ ጎረቤት ተቆጣን። አንድ ተማሪ ልጅ ሰጋቱራና የማሽላ አገዳ ቀለም ይመጥጣል አለን። ከአናጺ ቤት ሰጋቱራ በጆንያ አምጥተን በርሜሉ ውስጥ ጨመርን። ውሃው አልጠራም፤ ጭራሽ ቀዩ ወደ ቡኒ ሄደ። ከሰልም ሞከርን፤ እሱ ደግሞ ጠቆረ። ምን አጥፍተን ነው?»

አብሽሩ። ምንም አላጠፋችሁም። ልጁም አልዋሸም። ልጁ የሞከረው ቀለምና እናንተ በርሜል ውስጥ ያለው ቀለም ግን አይተዋወቁም።

ከማቅለም ልጀምር፤ እሱን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁና። የታጠበ ክር በርሜል ውስጥ ስትከቱ ቀለሙ ውሃውን ትቶ ክሩ ላይ ይለጠፋል። ጠጣር ነገር ገጹ ላይ ከውሃ ውስጥ ሌላ ነገር ሲይዝ በሙያው አድሶርፕሽን እንለዋለን። ከሰጋቱራውም የጠበቃችሁት ይህንኑ ነው። እሱም እንደ ክሩ ይነከርልን፣ ውሃው ይጥራልን ነው ያላችሁት።

ጥጥ ሴሉሎስ ነው፤ ሴሉሎስ የዕፅዋት ገላ የሚሠራበት ነገር ነው። ሰጋቱራም፣ የማሽላ አገዳም፣ የጤፍ ጭድም፣ የጫት ገረባም አብዛኛው ሰውነታቸው ሴሉሎስና የሱ ቅርብ ዘመድ ነው። አሁን ንክሩ ካለቀ በኋላ በርሜሉ ውስጥ የቀረው ቀለም የትኛው እንደሆነ አስቡ። ያ ክሩን እንቢ ያለው ቀለም ነው። ከጥጥ ጋር አንድ ሰዓት ሙሉ በሙቅ ውሃ ተቀምጦ፣ በጨው ተገፍቶ፣ በሶዳ ተለምኖ፣ አሁንም እንቢ ያለ። የጥጥን ዘመድ ብታቀርቡለት ምን ብሎ እሺ ይላል?

እንቢታው የጠባይ ጉዳይ አይደለም፤ የኬሚስትሪ ነው። በጨውና በሶዳ የሚነከረው ቀለም ሪአክቲቭ ይባላል። ሶዳው ሲገባ ቀለሙ ከጥጡ ጋር በጽኑ ይታሰራል። ለዚህ ነው ልብሱ ሲታጠብ የማይለቀው። ችግሩ፣ ያው ቀለም ከውሃም ጋር መታሰር ይችላል። አንዴ ከውሃ ጋር የተጋባ ቀለም ደግሞ ዳግመኛ ጥጥ አያገባም። እንደ ቀለሙ ዓይነትና እንደ አነካከሩ ከ10 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው በዚህ መንገድ ይባክናል። ቦይ ላይ የምትደፉት እሱን ነው፤ በብራችሁ የገዛችሁትን።

ሌላው ነገር ቻርጅ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሙል ነው፤ ኔጌቲቭና ፖዘቲቭ ይሳሳባሉ፣ አንድ ዓይነት ከሆኑ ይገፋፋሉ። ሪአክቲቭ ቀለም ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ኔጌቲቭ ነው። የእንጨትና የአገዳ ገጽም፣ ውሃው አሲድ እስካልሆነ ድረስ፣ ኔጌቲቭ ነው። ሁለቱ ይገፋፋሉ። ጥጥ ራሱ እንዲሁ ይገፋዋል፤ ጨው በኪሎ የምትጨምሩት ለምን መሰላችሁ? ጨው መሀል ገብቶ ግፊያውን ያለዝበዋል። በርሜል ውስጥ ያለ ጨው ብትሞክሩ ክሩ ገርጥቶ ይወጣል።

ልጁስ? መቼም ሜቲሊን ብሉ በሚባል ሰማያዊ ቀለም ሳይሆን አይቀርም የሞከረው። በዚህ ርዕስ የሚሠራ ተማሪ ሁሉ ማለት ይቻላል ከሱ ይጀምራል። ርካሽ ነው፣ በላቦራቶሪ መሣሪያ 664 ናኖሜትር ገደማ ላይ በቀላሉ ይለካል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፖዘቲቭ ነው። ፖዘቲቭ ቀለም ኔጌቲቭ ሰጋቱራ ሲያገኝ ሮጦ ነው የሚጣበቀው። ጭድ ብታቀርቡለት ይጣበቃል፣ የቡና ገለባ ብታቀርቡለት ይጣበቃል፣ ዋልካ አፈር ብታቀርቡለትማ ከሁሉም የባሰ ነው። የዋልካ ሸክላ ፖዘቲቭ ነገር መያዝ ሥራው ነው። ስለዚህ ልጁ «95 በመቶ አስወገድኩ» ቢላችሁ እንኳ እውነቱን ነው።

እኔም በዚህ ጉድ ሆኛለሁ። ያኔ ወጣት ነበርኩ። ለእንግዶች ማሳያ አዘጋጀሁ። ሰማያዊ ውሃ በሰጋቱራ ላይ አፈሰስኩ፤ ከታች እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ ወጣ። ተጨበጨበ። ከኋላ የቆመ አንድ የማቅለሚያ ቤት ሠራተኛ ምንም ሳይናገር ወጥቶ በባልዲ ቀይ ውሃ ይዞ ተመለሰ። «እስቲ ይኸን» አለኝ። ከላይ ቀይ ገባ። ከታች ቀይ ወጣ። እንግዶቹ ሻይ ላይ ነበሩና ብዙ አላዩም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ያቺን ባልዲ አልረሳኋትም።

በነገራችን ላይ መቶኛ ስትሰሙ ቶሎ አትደነቁ። አንድ ብርጭቆ ቀለም ውስጥ አንድ ጆንያ ሰጋቱራ ብትጨምሩ ምኑ ይቀራል? መጠየቅ ያለበት አንድ ግራም ሰጋቱራ ስንት ሚሊግራም ቀለም ያዘ ነው። ወደሱ እመለሳለሁ።

ቡኒው ከየት መጣ? ከእንጨቱ። እንጨት፣ በተለይ ባህር ዛፍ፣ ታኒን የሚባል ነገር አለው። ቅጠል ሻይ ውሃውን የሚያቀላው ያው ነገር ነው። የናንተ ውሃ ደግሞ ሶዳ ያለበት ስለሆነ ፒኤቹ 11 አካባቢ ነው፤ ፒኤች ውሃ አሲድ ይሁን ሶዳ የሚነግር ቁጥር ነው፣ 7 መሀል ነው፣ ከሱ በታች አሲድ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ከእንጨት ውስጥ ያለውን ሁሉ ጎትቶ ያወጣል። ቀለም ልታወጡ ገብታችሁ ቀለም ጨመራችሁ ማለት ነው። ገረባ ብትሞክሩ ከዚህም ይብስ ነበር። በነፃ ይገኛል፣ ደሴም ኮምቦልቻም ጠዋት ጠዋት በየደጁ ተከምሮ ይታያል፤ ነገር ግን ቅጠሉ ውሃውን አቅልሞ በሁለት ቀን ይሸታል።

ከሰሉም እንዲሁ ነው። ከሰል ቀለም መያዙ የድሮ እውቀት ነው። ሎቪትዝ የሚባል ኬሚስት ሩሲያ ውስጥ በ1785 እ.ኤ.አ. ከሰል ቀለም እንደሚያጠራ አሳይቷል፤ ከዚያም የስኳር ፋብሪካዎች ስኳራቸውን ለማንጣት በአጥንት ከሰል መጠቀም ያዙ። የቤታችን ከሰል ግን የተሠራው ለቡና ማፍያ ነው። ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ጥቂት ናቸው፣ ያሉትም በአመድና በጭስ ቅባት ተደፍነዋል። «አክቲቬትድ» የሚባለው ከሰል በእንፋሎት 800 ወይም 900 ዲግሪ ላይ፣ ወይም በፎስፈሪክ አሲድ ተዘፍዝፎ 400 ወይም 500 ዲግሪ ላይ የተከፈተ ነው። የጥሩው አንድ ግራም 1,000 ካሬ ሜትር የሚደርስ የውስጥ ገጽ አለው። አንድ ቁንጥጫ ከሰል ውስጥ ግማሽ ጥማድ ሊሞላ ትንሽ የቀረው መሬት ተጣጥፎ ተቀምጧል ማለት ነው። ይህን ቤት ውስጥ ልሥራ አትበሉ። አሲድና እሳት ናቸው፣ ጭሱም ክፉ ነው። ውሃውን ያጠቆረባችሁ የከሰሉ ብናኝ ነው፤ እሱ በጨርቅ ይጣራል።

እሺ፣ ምን ይሻላል?

ከሁሉ የሚሻለው ማጣሪያ ክሩ ራሱ ነው። በርሜል ውስጥ ትታችሁት ከምታሳድዱት ክሩ ላይ አስቀሩት። እኔ ብሆን ሰጋቱራውን ለጊዜው አቆይቼ አነካከሩን ነው የምለውጠው። ክሩን በሰፊ በርሜል ከመንከር ይልቅ ቀለሙንና ሶዳውን በትንሽ ውሃ በጥብጡ። ክሩን በዚያ አርሱት። በጓንት ውስጡ ድረስ እሹት፣ ጨመቅ አድርጉ፣ በፌስታል ጠቅልላችሁ እስከ ማግስቱ አሳድሩት። ፋብሪካዎችም ይህን ዘዴ በመሣሪያ ይሠሩበታል። ቀለሙ ከክሩ የሚርቅበት ብዙ ውሃ ስለሌለ ጨው አይፈልግም፣ ወይም በጣም ጥቂት ነው የሚፈልገው። ውሃው በርሜል ሳይሆን ባልዲ ነው። የሚይዘውም ቀለም ይጨምራል። የኮምቦልቻ ሙቀት ለዚህ ተስማሚ ነው፤ ደሴ ላይ ቢሆን ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነውና ጥቅሉን ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡ እል ነበር። አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፤ ለዚህ የሚሆነው በቅዝቃዜ የሚሠራው የሪአክቲቭ ዓይነት ነው። ሻጩን ጠይቁት። እጃችሁ ካልለመደም መጀመሪያ ላይ ክሩ ዝንጉርጉር ይሆናል። በአንድ ቁጢት ተለማመዱ።

እንዲያም ሆኖ የሚተርፍ ውሃ አለ። እሱን ለሁለት ክፈሉት። የመጀመሪያው የንክር ውሃ ለብቻው፣ የማለቅለቂያው ውሃ ለብቻው ይሁን። አሁን እንደምትሠሩት አንድ ላይ መደባለቅ ትልቁ ስህተት ነው።

የመጀመሪያውን ውሃ በሰጋቱራ ለማጥራት አትድከሙ። አንድ ሊትር ውስጥ 50 ግራም ጨው ካለው ከባሕር ውሃ ይበልጣል፤ ባሕር 35 ግራም ገደማ ነው። ሰጋቱራም ከሰልም ጨው አይዝም። ቀለሙ ቢጠፋ እንኳ ጨዉ እዚያው ነው። እንዲያውም ጠርቶ ሲታይ ሰው ጎመን ያጠጣበታል፤ ይኸኛው ከቀዩ ውሃ የከፋ ነው። «አሲድ ጨምረን ሰጋቱራውን ፖዘቲቭ እናድርገው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁም ሒሳቡን አሳዩት። 20 ግራም ሶዳ ያለበትን አንድ ሊትር ለማብረድ ግማሽ ሊትር የሚጠጋ ኮምጣጤ ይጠጣል። ለ200 ሊትር በርሜል 90 ሊትር ኮምጣጤ ነው። ሰላጣ ቤት ይከፈትበታል።

ይህን ውሃ ጥልቀት በሌለው፣ ወፍራም ፕላስቲክ በተነጠፈበት ገንዳ ፀሐይ ላይ አድርቁት። በደረቅ ቀን ከአንድ ካሬ ሜትር 4 ወይም 5 ሊትር ገደማ ይተናል። ስለዚህ 100 ሊትር በቀን ብትደፉ 20 ካሬ ሜትር ያስፈልጋችኋል። ብዙ ነው። በፌስታሉ ዘዴ ውሃው 20 ሊትር ሲሆን ግን 4 ወይም 5 ካሬ ሜትር ይበቃል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በቆርቆሮ ወይም በሸራ ካልከለላችሁት ዝናቡ ሞልቶ ያፈሰዋል፤ ያኔ ልፋታችሁ ሁሉ ቦርከና ገባ።

የሰጋቱራው ቦታ የማለቅለቂያው ውሃ ላይ ነው። ጨዉም ሶዳውም እዚያ ጥቂት ነው። ሰጋቱራውን ግን እንዲሁ አትጠቀሙበት። ሸብ ታውቃላችሁ። ድሮ በዕፅዋት ቀለም ሲነከር ቀለሙ ክሩን አልይዝ ሲል መሀል ገብቶ የሚያስታርቀው ሸብ ነው። ሸብ ውስጥ አልሙኒየም አለ፤ እንጨቱ ላይ ሲያርፍ ገጹን ወደ ፖዘቲቭ ያዞረዋል። ያኔ ኔጌቲቩ ቀለም የሚይዘው እጅ ያገኛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰጋቱራውን መጀመሪያ በወንፊት ንፉ። ዱቄቱን ጣሉት፤ ዱቄት ቶሎ ይይዛል ግን ውሃ አያሳልፍም፣ ይደፈናል። የሽንብራ ክክ የሚያህለውንም አውጡ። መካከለኛውን በፈላ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡ። የመጀመሪያው እጣቢ እንደ ጠቆረ ሻይ ነው፣ አራተኛው ወይም አምስተኛው ላይ ነጣ ይላል። እስኪነጣ ድረስ አታቁሙ፤ ቡኒው የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ለአንድ ኪሎ ደረቅ ሰጋቱራ 100 ግራም ሸብ በ5 ሊትር ውሃ አሟሙታችሁ አንድ ሌሊት ዘፍዝፉ። ጠዋት አጥልሉት። በጣም ቀጭን የሶዳ ውሃ አርከፍክፉበት፤ አልሙኒየሙ እንጨቱ ላይ የሚጣበቀው ያኔ ነው። አለቅልቁ፣ አድርቁ። የ100 ግራሙ ልክ መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም።

የማለቅለቂያውን ውሃ ፒኤች በፒኤች መለኪያ ወረቀት ለኩና በኮምጣጤ ወደ 6 ወይም 7 አውርዱ። አንድ ሊትር ውስጥ 1 ግራም ሶዳ ብቻ ከቀረ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሊትር ኮምጣጤ ይበቃዋል። ይኸኛው ኪስ አይጎዳም።

በርሜሉን ከመሙላታችሁ በፊት በሃይላንድ ጠርሙስ ሞክሩ። ስድስት ባለ አንድ ሊትር ጠርሙስ አቅርቡ። አምስቱ ውስጥ ግማሽ ሊትር የማለቅለቂያ ውሃ አድርጉ። አንዱን ምንም አትንኩት። በሁለተኛው 2 ግራም፣ በሦስተኛው 5፣ በአራተኛው 10 ግራም የሸብ ሰጋቱራ ጨምሩ። አምስተኛው ውስጥ ሸብ ያልነካው የታጠበ ሰጋቱራ 10 ግራም ይግባ፤ ሸቡ መሥራቱን የሚነግራችሁ እሱ ነው። ስድስተኛው ንጹህ ውሃ ይሁን። በየሩብ ሰዓቱ እየነቀነቃችሁ ሁለት ሰዓት አቆዩ፣ በነጠላ ጨርቅ አጥሉ፣ ከኋላቸው ነጭ ወረቀት አቁማችሁ እዩ።

ምን ያህል እንደቀነሰ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ካልነካችሁት ውሃ አንድ ስኒ ወስዳችሁ በአንድ ስኒ ንጹህ ውሃ አቅጥኑ፤ ይህ ግማሽ ነው። አንዱን በሦስት ስኒ ብታቀጥኑ ሩብ፣ በዘጠኝ ብታቀጥኑ አንድ አሥረኛ ይሆናል። የተጣራው የትኛውን ይመስላል? ሩቡን ከመሰለ ሦስት አራተኛው ቀለም ሰጋቱራው ላይ ነው። ብርሃኑ የጠዋት ቢሆን ጥሩ ነው፤ በአምፖል ሰማያዊና ጥቁር ያምታታል።

አሁን ያቆየሁትን ሒሳብ እናውጣ። በቀን 10 ኪሎ ክር ደመቅ አድርጋችሁ ብትነክሩ፣ ለኪሎው 30 ግራም ቀለም ብትጠቀሙ፣ 300 ግራም ነው። ሠላሳ በመቶው ቢባክንና ሁሉም ማለቅለቂያው ውሃ ውስጥ ገባ ብንል 90 ግራም ነው። አንድ ግራም ሰጋቱራ 20 ሚሊግራም ከያዘ 4 ኪሎ ተኩል በቀን ይበቃል። 5 ሚሊግራም ብቻ ከያዘ ግን 18 ኪሎ ነው፤ በ25 የሥራ ቀን 450 ኪሎ። የመጀመሪያውን አንድ አናጺ ቤት ይችለዋል፣ ሁለተኛውን አይችለውም። ለዚህ ነው የጠርሙሱን ሙከራ አትዝለሉ የምለው። ክር በቶን የሚነክር ትልቅ ፋብሪካማ ሰጋቱራውን በመኪና ማስገባት፣ ቀለም የጠጣውን ደግሞ በመኪና ማስወጣት ሊኖርበት ነው። እዚያ ደረጃ ላይ ሌላ ዓይነት ማጣሪያ ነው የሚያዋጣው። የተፈጥሮ ማጣሪያ እንደ እናንተ ላለ ትንሽ ቤት ነው የሚመቸው፤ ይህን ብዙ ባልደረቦቼ አይወዱልኝም።

አገዳና ጭድስ? ይሠራሉ፣ ግን አልመክርም። ጭድ የከብት ቀለብ ነው፣ ለጭቃም ይፈለጋል፣ ዋጋውን ታውቁታላችሁ። አገዳም ማገዶና መኖ ነው። ሰጋቱራ የአናጺው ቆሻሻ ነው።

ቀለም የጠጣው ሰጋቱራ የት ይሂድ? ጥያቄያችሁ ውስጥ ይህ አልነበረም፤ ብዙ ጊዜ አይጠየቅምም። ምድጃ ውስጥ አትክተቱት፣ እንጀራ አትጋግሩበት። አንዳንድ ቀለሞች ውስጥ መዳብ ወይም ክሮሚየም አለ፣ ጭሱም አመዱም ወደ ቤት ነው የሚገባው። ለጓሮ ማዳበሪያ አይሆንም። በግ እንዳያገኘው። ጨው ጨው ስለሚል ይልሰዋል፤ አንድ ቦታ ምላሱ ሰማያዊ የሆነ ሙክት አይቻለሁ፣ ባለቤቱም እንደኔው ደንግጦ ነበር። አድርቃችሁ በጆንያ ሰብስቡ፣ ዝናብ በማይነካው ቦታ አኑሩ። ከገንዳው የምትጠርጉትን ባለ ቀለም ጨውም እንዲሁ በክዳን ዕቃ ያዙት። ሲጠራቀም የከተማውን አካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ስለ አወጋገዱ አነጋግሩ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ለትንሹም ለትልቁም የወጣ ነውና ቀድማችሁ ብትሄዱ ይሻላችኋል።

ጎረቤታችሁም እውነት አላቸው። ቦርከና ከደሴ ወርዶ በእናንተ በኩል አልፎ ወደ ከሚሴና ጨፋ ነው የሚሄደው፣ መጨረሻው አዋሽ ነው። መንገዱን ሙሉ ከብት ይጠጣዋል፣ አትክልት ይጠጣዋል። ቀለም ብርሃን ይጋርዳል፤ ውሃ ውስጥ ያለ ተክል ደግሞ ያለ ብርሃን አይኖርም። አዞ ከሚባለው ወገን የሆኑ አንዳንድ ቀለሞችም አየር በሌለበት ጭቃ ውስጥ ሲሰባበሩ ከቀለሙ የባሰ መርዝ ይወጣቸዋል።

በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር ብቻ አድርጉ። አንድ ቁጢት ክር በፌስታል አሳድሩ። ስድስቱን ጠርሙስ ደርድሩ። ቀዩ፣ ሰማያዊውና ጥቁሩ አንድ ዓይነት ውጤት አይሰጡም፤ ለየብቻ ሞክሩና የትኛው በስንት ግራም እንደጠራ ጽፋችሁ ላኩልኝ። ጥቁሩ ያስቸግራል ብዬ እገምታለሁ። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቀለም አይደለም፤ ሁለት ሦስት ቀለም ተደባልቆ ነው። አንዱ ተይዞ ሌላው ሲያመልጥ ውሃው ወደ ወይን ጠጅ ወይም ወደ አረንጓዴ ይዞራል፤ እንዲያ ካያችሁ አትደንግጡ፣ የትኛው እንደቀረ ከቀለሙ እነግራችኋለሁ።